በሰሚው ቋንቋ

ሰዉ ሁሉ ጡሩምባ ይላታል። እናቷ ያወጣችላትን ስም ከባሏ በስተቀር የሚጠራው የለም፤ እሱም የሚጠራው ሲቆጣ ብቻ ነው። ቅጽል ስሙ በከንቱ አልወጣላትም። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ትሪ ተሸክማ ስትጮህ ማዶ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ዞር ብሎ ያያል። እሷ ግን በድምፅዋ አፍራ አታውቅም። «ይሄ ጉሮሮ ባይኖር እዚህ ቤት የሚሠራው ሰው ሁሉ ጠባሳ በጠባሳ ነበር» ትላለች። እውነቷን ነው።

ሥራዋ ሲያወሩት ቀላል ነው። ከምድጃ የወጣውን የጋለ ትሪ በወፍራም ጨርቅ ይዛ፣ በመተላለፊያው አልፋ፣ ማዶ ያለው መደርደሪያ ላይ ትሰካዋለች። ከዚያ ተመልሳ ሌላ ታመጣለች። ቀላል ነው፣ አይደል? እንግዲያው መተላለፊያውን ልንገራችሁ። በቀኝ ሊጥ የሚቆረጥበት ጠረጴዛ አለ፣ በግራ ሊጥ የሚቦካበት። ቆራጯና አቡኪው ፊታቸውን ወደየጠረጴዛቸው አዙረው ጀርባ ለጀርባ ይሠራሉ። በሁለቱ ጀርባ መካከል ነው እንግዲህ ጡሩምባ ከነእሳቷ የምታልፈው። አቡኪው ሊጡን ለመሳብ ወደ ኋላ ለጠጥ ባለበት ሰዓት እሷ ከደረሰች፣ የሰው ቆዳና የጋለ ብረት ተገናኙ ማለት ነው። ጥግ ላይ ያለው የዱቄት ማሽን ስለሚያጓራ የእግር ኮቴ አይሰማም። ያለው መላ መጮህ ብቻ ነው።

ምን ብሎ መጮህ? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ቤት ከሚሠሩት ሰዎች ሁለቱ እንኳ ባንድ ቋንቋ አፋቸውን አልፈቱም። የከተማውን ቋንቋ ሁሉም ይናገሩታል፣ ይቀልዱበታል፣ ይሰዳደቡበታል። ለጋለ ትሪ ግን ኋላ የተማሩት ቋንቋ አይሆንም። ይህን ለጡሩምባ ያስተማራት ሽማግሌው ጋጋሪ ነው። ሥራ በጀመረች ሰሞን፣ በገዛ ቋንቋዋ «ዞር በል!» ብላ ጮኸችበትና ሽማግሌው ለጥቂት ተረፈ። እሷም ደንግጣ፣ «አባባ፣ አልሰሙኝም እንዴ?» አለችው።

«ሰምቼሻለሁ ልጄ» አላት ጨርቁን እያራገፈ። «ግን ያንቺ ቃል መጀመሪያ ጭንቅላቴ ጋ ሄዳ፣ ማን ነሽ፣ ከየት መጣሽ ተብላ ተጠይቃ ነው እግሬ ጋ የምትደርሰው። የናቴ ቃል በቀጥታ እግሬን ነው የምትይዘው። ሁለተኛ ስትመጪ በኔ ቋንቋ ጥሪኝ።»

የዳቦ ቤቱ ወግ ይኸው ነው። የሚጠራው በጠሪው ቋንቋ ሳይሆን በሰሚው ነው። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። አዲስ ሰው ሲቀጠር መጀመሪያ የሚጠየቀው ከየት እንደመጣ አይደለም፣ «ባንተ አገር ከኋላ ትኩስ ነገር ሲመጣ ምን ይባላል?» ተብሎ ነው። እሱ ይነግራቸዋል፣ እነሱም እየተሳሳቁ ይለማመዱታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጀርባው የቤቱ አደራ ነው።

ጡሩምባ ታዲያ ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ይገርማታል። በጋጋሪው ቋንቋ የሚባለው «ዓይንህን!» ነው፣ ዓይንህን ጠብቅ እንደማለት። በቆራጯ አገር ደግሞ ትሪ የያዘው ሰው ራሱ የተመታ ይመስል «ወይ ጎኔ!» ብሎ ይጮኻል። «እናንተ አገር ሰው ሳይነካ ነው የሚያለቅሰው?» እያለች ጡሩምባ ታሾፍባታለች። ቆራጯም መልስ አታጣም፤ «እናንተ ደግሞ ሰው ከሞተ በኋላ ነው ዞር በል የምትሉት» ትላታለች። የጡሩምባ ባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እሱም የሌላ አገር ሰው ነው። በሱ ቋንቋ ነገሩ ሲባል ረጅም ነው፤ «ወንድም ጋሼ፣ ፈቃድህ ከሆነ በጎንህ ልለፍ» እንደማለት ያለ። እሷ ድስት ይዛ ይህን እስክትጨርስ ወጡ ይቀዘቅዛል። ቢሆንም ትለዋለች፣ እሱም ከጋዜጣው ቀና ሳይል እግሩን ይሰበስባል። ባሏ በሷ ቋንቋ ያፈቅራታል፣ የሚደነግጠው ግን በራሱ ነው። ይህን አብራው ስትኖር አውቃዋለች።

የአቡኪው ግን ልዩ ነው። አቡኪው ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ክንደ ብርቱ ሰው ነው። የሱ ቃል ቃል እንኳ ለመባል አይበቃም፤ ከጉሮሮ ወጥታ ጥርስ ላይ የምትቆረጥ አንዲት ትንፋሽ ናት። ትርጉሟን ሲጠይቁት ራሱን ያካል። «ትርጉም የላትም። እናት፣ ልጇ ወደ እሳት ሲድህ የምትላት ናት። ሌላ ጊዜ አትባልም» አላቸው። ጡሩምባ እሷን ትንፋሽ እስክትለምድ ጉሮሮዋ ተላጠ። ከለመደቻት በኋላ ግን እንዴት እንደምትሠራ ማየት ነበር! ገና ከአፏ ሳትጨርሳት፣ ያ ግዙፍ ሰው እንደ ሕፃን ስብስብ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ይለጠፋል። ትሪው አልፎ ሲሄድ ቀና ብሎ ፈገግ ይላል። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ አንድ ቀን እንኳ ስህተት አልተፈጠረም።

ከዚያ አማቹ መጣ።

አማቹ የዳቦ ቤቱ ባለቤት የሆኑት አዛውንት የልጃቸው ባል ነው። ባለቤቱ እግራቸው ሲደክም ሥራ አስኪያጅ አድርገው አስቀመጡት። ስሙንም ማዕረጉንም ሠራተኛው ትቶ በዝምድናው ነው የሚጠራው፤ ወንበሩ ላይ ያስቀመጠው ዝምድናው ነዋ። ክፉ ሰው አይደለም ይባላል። እኔ እንጃ። ክፉ ያልሆነ ሰው የማያውቀውን ነገር ከመንካቱ በፊት አንድ ጊዜ ይጠይቅ ነበር።

አንድ ጠዋት ከትልቅ ሆቴል ዳቦ ሊያዝዙ የመጡ ሰዎች ሥራውን እናያለን አሉ። አማቹ ነጭ ጋዋን አልብሶ አስገባቸው። እነሱም ገና በሩ ላይ ሳሉ ጡሩምባ በአንዱ ቋንቋ «ዓይንህን!»፣ በሌላው «ወይ ጎኔ!»፣ በሦስተኛው ያቺን ትንፋሽ እያወጣች ትሪዋን ይዛ አለፈች። ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀና፣ «ገበያ ነው እንዴ?» አለ። ሰውየው ለቀልድ ነው ያላት፣ ዳቦውንም አዘዙ። አማቹ ግን ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ያቺ ቀልድ ሆዱ ገብታ አደረች።

በማግስቱ ሠራተኛውን ሰበሰበ። «ይሄ ዘመናዊ ድርጅት ነው። ሁሉም በየቋንቋው የሚንጫጫበት ቦታ አይደለም» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለን። ትኩስ ነገር የያዘ ሰው ‹ጥንቃቄ› ይላል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የማያውቀው ካለ እጁን ያውጣ።»

ማን እጁን ያወጣል? ሁሉም ያውቁታል። ጥንቃቄ! መድኃኒት ብልቃጥ ላይ የሚጻፍ ቃል! የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ከራስ ቅል ሥዕል ጋር የሚለጠፍ ቃል! የሚነበብ እንጂ የሚጮህ አይደለም። ልጇ ወደ እሳት ሲሮጥ «ጥንቃቄ» ብላ የጮኸች እናት በየትኛው አገር አለች? ጋጋሪው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ሥራ አስኪያጅ፣ የኛ ልማድ እኮ ምክንያት አለው…» ብሎ ሲጀምር፣ አማቹ ሰዓቱን አየና «ልማድ ይሻሻላል አባባ» ብሎት ወጣ። በቃ፣ ስብሰባው ይኸው ነበር።

ለጥቂት ቀናት ሠራተኛው ትእዛዙን ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። አማቹ በሌለበት ጡሩምባ እንደ ድሮዋ ትጠራለች፣ እሱ በሩ ላይ ሲታይ ደግሞ «ጥንቃቄ» እያለች እንደ ቀንድ አውጣ ታዘግማለች። አማቹም አልተኛም። በሩ ላይ ቆሞ ማድመጥ ጀመረ። አንድ ቀን «ወይ ጎኔ!» ስትል ይዟት፣ በሰው ፊት፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሁለተኛ ከሰማሁ ሥራሽን ትለቂያለሽ» አላት። አንቺ ሴትዮ! ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው! ደሟ ፈላ፣ ግን ትሪዋን መደርደሪያው ላይ ሰክታ ወደ ምድጃው ተመለሰች።

ነገሩ የተፈጠረው በማግስቱ ነው። ረፋድ ላይ ነበር፣ የሁለተኛው ዙር ዳቦ እየወጣ። ጡሩምባ ትሪውን ከምድጃ ተቀብላ ዞር ስትል አማቹ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ በሩ ላይ ቆሟል። ወደ አቡኪው ጀርባ ስትቃረብ ያቺ ትንፋሽ ራሷ ጉሮሮዋ ላይ መጣች። እግዜር ያሳያችሁ፣ መጥታ ነበር። ጡሩምባ ዋጠቻትና በምትኳ «ጥንቃቄ!» ብላ ጮኸች፤ በሙሉ ድምፅዋ፣ መንገድ ድረስ በሚሰማ ድምፅ።

አቡኪው ሰማ። ራሱን እንኳ ትንሽ ቀና አድርጎ ነበር። ግን ክንዱ የጀመረውን አልተወም፤ ሊጡን ሳብ አድርጎ ወደ ኋላ ለጠጥ አለ። ትሪው ከክርኑ ጀምሮ እስከ ትከሻው፣ ከዚያ አንገቱን አገኘው።

አልጮኸም። እጁን እንደያዘ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ዳቦው በየቦታው ተበተነ፣ ቆራጯ እሪ አለች፣ ጋጋሪው ውሃ ይዞ ሮጠ። ጡሩምባ ግን ጨርቁን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። አማቹ መጥቶ ከላይ ወደ ታች አየና የተናገረውን ስሙ፤ «ቃሉ ተጠርቷል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» ሰውየው ቆዳው ተላጦ ወለል ላይ ተቀምጧል፣ እሱ ምስክር ይቆጥራል!

አቡኪው ሐኪም ቤት ሳለ ወሬው ዳቦ ቤቱን ሞላው። ሊባረር ነው። ምክንያቱም ማስጠንቀቂያው በሚያውቀው ቋንቋ ተነግሮት፣ በራሱ ቸልተኝነት ተጎዳ። ሽማግሌው ባለቤት መጥተው ነገሩን ሊሰሙ ነው፣ ምስክሯም ጡሩምባ ናት። አማቹ ራሱ ወደ ጎን ጠርቷት፣ አሁን «አንቺ ሴትዮ» ቀርቶ «እሜቴ» እያለ፣ «የሚፈለግብሽ እውነቱን መናገር ብቻ ነው። ጮኸሻል። አንቺን የሚነካሽ የለም» አላት።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ እራቱን ትቶ አደመጣትና፣ «ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? አልጮህሽም?» አላት።

«ጮኼያለሁ።»

«ጥንቃቄ አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«እሱስ ቃሉን አያውቀውም?»

«ከኔ እኩል ያውቀዋል።»

«እንግዲያው ውሸት ተናገሪ አልተባልሽም። ያየሽውን ተናግረሽ ሥራሽን ያዢ። አፍሽ አንድ ቀን ጉድ ያደርገናል እያልኩሽ…»

«አንተ!» አለችው ብድግ ብላ። «ይሄ እኮ ነው አንጀቴን የሚያሳርረኝ! ውሸት ተናገሪ ቢሉኝ ኖሮ እምቢ እላቸው ነበር፣ ይቀለኝ ነበር። እውነቱን ተናገሪና ሰውየውን ቅበሪው ነው የሚሉኝ!» ያን ዕለት ወጧን ከእሳት አውርዳ በጎኑ ስታልፍ ምንም አላለችም፤ እሱም ቀና ብሎ አያት እንጂ እግሩን አልሰበሰበም። እሷም ዞራ በሌላ በኩል አለፈች።

የባለቤቱ ክፍል ከዳቦ ቤቱ በላይ ነው፤ ወለሉ ከሥር በሚመጣው ሙቀት ለብ ይላል። ሽማግሌው ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጠዋል፣ አማቹ በቀኛቸው ቆሟል። አቡኪው ከነፋሻው፣ ክንዱን ደረቱ ላይ እንዳሰረ፣ ወንበር ሲሰጡት እምቢ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ጡሩምባ መሐል ላይ ናት።

አማቹ እንደ ዳኛ ጠየቃት። «ጮኸሻል ወይስ አልጮህሽም?»

«ጮኼያለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«በታዘዝኩት ቃል።»

ወደ አቡኪው ዞረ። «ቃሉን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ» አለ አቡኪው።

«ሰምተኸዋል?»

«ሰምቼዋለሁ። ገብቶኛልም። ክንዴ ግን…» ብሎ ክንዱን አየውና አቆመ። ሰውየው እውነተኛ ነው፣ እውነተኛነቱ ነው እንግዲህ ገመድ የሆነበት።

«ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?» አለ አማቹ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ያስፈልጋል!» አለች ጡሩምባ። ድምፅዋ መስታወቱን አንቀጠቀጠው። «ምን ብዬ እንደጮህኩ ጠየቁኝ፣ ምን እንደዋጥኩ ግን አልጠየቁኝም። ጋሼ፣ የሱ ቃል አፌ ላይ ነበረች። ያቺን ብል ኖሮ ዛሬ ክንዱ ደህና ነበር፤ አውቀው ነበር፣ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ስለቆሙ ፈርቼ ዋጥኳት። ሰውየው ጀርባውን ለኛ ሰጥቶ ነው የሚሠራው! ቸልተኛ ከተባለ ቸልተኛዋ እኔ ነኝ። የሚባረር ካለ እኔ ልባረር። እሱን ግን ጥፋተኛ ብላችሁ ከዚህ ቤት ብታስወጡት፣ በየደጁ እየዞርኩ እናገራለሁ። ድምፄን ታውቁታላችሁ!»

«ይኸው፣ በገዛ አፏ ጥፋቷን አመነች» አለ አማቹ ፈጠን ብሎ።

«እሷን አትንኳት» አለ አቡኪው ከግድግዳው ሥር። ወደ ጡሩምባ ግን አላየም።

ሽማግሌው ወንበራቸውን አዞሩ። ከዚያ አማቻቸውን «አንተ ያን ሰዓት በሩ ላይ ምን ትሠራ ነበር?» አሉት።

«እቆጣጠር ነበር።»

«ምኑን?»

አማቹ ሰዓቱን አየ። ሽማግሌውም በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱ። «ሁለቱም ሥራቸው ላይ ይሁኑ። ሕክምናው በቤቱ ነው። ሂዱ በሉ፣ ዳቦው ይቃጠላል።»

ጡሩምባ አሸነፈች፤ ቢያንስ ሠራተኛው እንደዚያ ነው ያወራው። ቆራጯ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። ትእዛዙም ሞተ፤ ማንም ሞቷል ብሎ ባይናገርም። አማቹ ሲጠየቅ፣ «ለጊዜው ላላ አድርገነዋል» ነበር የሚለው። ላላ አድርገነዋል! አንድም ቀን ከአፉ «አጥፍቻለሁ» የምትል ቃል አልወጣችም። ያን ያህል ቋንቋ በሚነገርበት ቤት፣ እሷን ቃል በአንዱም የሚያውቃት አይመስልም።

አቡኪው ክንዱ ሲድን ተመለሰ። ያን ቀን ጡሩምባ የራስ መሸፈኛዋን አሳምራ፣ ከወትሮው ቀደም ብላ መጣች። መንገድ ላይ ያቺን ትንፋሽ ስትለማመድ ነው የመጣችው፤ እንዳትበላሽባት ሰግታ። ስትገባ ግን አቡኪው ቀድሟታል። ከጋጋሪው ጋር ሆነው ከባዱን የማቡኪያ ጠረጴዛ ጎትተው አዙረውታል። ጠረጴዛው አሁን መተላለፊያው ዳር ነው፣ አቡኪው ከበስተጀርባው፤ ጀርባው ግድግዳ ላይ፣ ፊቱ ወደ ምድጃው። ቦታው ስለጠበበው ክርኑ እንደ ልብ አይዘረጋም፣ የተቃጠለው ክንዱም ሊጡን ሲገፋ ይንቀጠቀጣል። ማንም ለምን አላለውም።

ጡሩምባ የመጀመሪያውን ትሪ ተቀበለች። አየር ሳበች፣ ያቺን ትንፋሽ ከሆዷ አውጥታ ጮኸቻት። እንደዚያ ጥርት ብላ ወጥታላት አታውቅም።

አቡኪው ግን ገና ከመጥራቷ በፊት ቀና ብሎ እያያት ነበር። እጆቹ ሊጡ ውስጥ እንዳሉ ቆመው፣ ዓይኑ ትሪው ላይ ነው።

«አየሁሽ እህቴ፣ አየሁሽ» አላት በጨዋ ድምፅ፣ በሷው ቋንቋ። «ጉሮሮሽን አታድክሚ።»

በሁለተኛው ትሪም እንደዚያው፣ በሦስተኛውም። እሷ ስትመጣ ሥራውን ያቆማል፣ አልፋ መደርደሪያው ጋ እስክትደርስ በዓይኑ ይሸኛታል፣ ከዚያ ወደ ሊጡ ይመለሳል። ለቆራጯም እንደዚያው ነው፣ ባዶ እጁን ለሚያልፈው ለጋጋሪውም እንደዚያው። በመጨረሻ ጡሩምባ መጥራቷን ተወችና ትሪዋን ይዛ ዝም ብላ ታልፍ ጀመር።

ረፋድ ላይ አማቹ በሩ ላይ ብቅ አለ። ጠረጴዛውን አየ፣ አደመጠ፣ ፊቱ በራ። «በጣም ጥሩ! ይኸውላችሁ፣ ያለ ጩኸትም ይሠራል። እንዲህ ያለ ጸጥታ ነበር የምፈልገው» አለ።

ጡሩምባ ትሪውን መደርደሪያው ላይ ወርውራ ዞረች። «ጸጥታ አይደለም!» አለችው። «ሰውየው ከእንግዲህ አያምነንም! ጀርባውን የሚሰጠው ሰው አጥቶ ነው ግድግዳ የተጠጋው!»

ጡሩምባ አቡኪውን አየችው። «ኧረ አምናችኋለሁ» ይላል ብላ ጠበቀች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሊጡን አገላበጠ።